በመካከል የተቆረጠው የዕድሜ ዜማ

በሩቅ ምሥራቅ አቆጣጠር በብረት ውሻ ዓመት፥ የሰሜን ወራሪዎቹ ማንቹዎች ሀገሩን ረግጠው ከሄዱ አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ፥ በዘጠነኛው ወር መባቻ፥ የመናገሻ ከተማይቱ የሃንያንግ ኮረብቶች እንደ ወትሯቸው ቀይና ቢጫ ለብሰው ነበር፤ ከኮረብቶቹ ሥር የተኛችው ከተማ ግን ርቧታል። በጸደይ በረዶ መታ፤ ቀጥሎ ጎርፍ ጠረገ፤ ጎርፍ የተወውን አንበጣ ጨረሰው። ድኻው የጥድ ቅርፊት እየላጠ ሲቀቅል፥ ባለ ጥቁር ባርኔጣው መኰንንም ሰው እንዳያየው በጓሮ በር እየዞረ ገብስ መለመን ጀመረ። በምሥራቁ ግቢ የሚኖሩት የቀድሞው ንጉሥ ሚስት፥ ሰው ሁሉ ታላቋ እመቤት እያለ የሚጠራቸው፥ የስድሳ ዓመት በዓላቸው የደረሰው እንግዲህ በዚህ ክፉ ዘመን ነው።

በበዓሉ ጠዋት አረንጓዴ የግቢ ቀሚስ የለበሱ ዓይነ ስውራን፥ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጭኖ፥ ተሰልፈው በጓሮ በር ገቡ። የውስጥ እልፍኝ ሴቶች በባዕድ ወንድ ዓይን እንዳይታዩ ሕግ ነውና፥ በዚያ እልፍኝ መጫወት የሚፈቀድለት ወንድ የማያይ ወንድ ብቻ ነበር። ከፊት የሚመራቸው ታክ ኦንሱ ነው፤ ቀጭን፥ ረጅም፥ ጢሙ የሳሳ፥ ገሙንጎውን በጀርባው ያዘለ ሰው። ገሙንጎ ስድስት የሐር አውታሮች አሉት፤ ጭን ላይ ተጋድሞ በቀርከሃ በትር ይመታል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፤ በሀገሩም የአውታሮች ሁሉ አባት ይባላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፥ በዚያ ዘመን ይህን አውታር እንደ ታክ ኦንሱ የመታ እጅ አልነበረም፤ ነበረ የሚል ካለ ስሙን ይጥራልኝ።

ኦንሱ ሲወለድ ዓይኑ ደህና ነበር። አባቱ ወረቀት ሠሪ ነበሩ፤ ልጁን በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ያዘውና ነፍሱን ትቶለት ዓይኑን ወሰደበት። በዚያ ሀገር ዓይኑን ያጣ ልጅ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ለኮከብ ቆጣሪ ይሰጥና የሰው ዕድል መናገር ይማራል፤ ይህም ከብዙ ዓይናማ የተሻለ እንጀራ ያበላዋል። አባቱም ይህንኑ አደረጉ። ክፋቱ፥ ከኮከብ ቆጣሪው ቤት ግድግዳ ወዲያ ሽማግሌው መምህር ፒዮ ይኖሩ ነበር፤ እርሳቸውም ዓይነ ስውርና የግቢ ገሙንጎ መቺ ናቸው። ልጁ አንድ ቀን በዳበሳ ግድግዳውን ዘሎ፥ ጉልበቱ እየደማ፥ በሽማግሌው ደጃፍ ተገኘ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«ያንን ወፍራሙን።»

«መስማት ነው ወይስ መምታት?»

«መምታት።»

«በዚህ ሥራ ጠግቦ ያደረ የለም፤ አባትህ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ና ግባ፤ ሲያውቁ እኔንም አንተንም ይደበድቡናል» አሉና አስገቡት።

መምህር ፒዮ ግን በትሩን ቶሎ አልሰጡትም። እርሳቸው እየመቱ፥ እርሱን ከገሙንጎው ጫፍ አስቀምጠው መዳፉን በእንጨቱ ላይ ያስዘረጉት ነበር። «ጆሮ ወረተኛ ነው፤ ደስ ካለው ሁሉንም ጥሩ ነው ይላል፤ እንጨት ግን አያባብልህም» ይሉታል። አንድ ጊዜ አውታር መትተው «ሞተ?» ብለው ይጠይቁታል። «ሞተ» ይላል ልጁ። «አልሞተም፤ እጅህን አታንሳ» ይሉታል። እርሱም እጁን ሳያነሳ ይቆያል፤ ጆሮው የለም ያለው ድምፅ ከመዳፉ ሥር እንደ ትንሽ ጉንዳን ሲሄድ፥ ሲሄድ፥ ከዚያም ቀስ ብሎ ሲያቆም ያገኘዋል። ዜማ የሚያልቀው እዚያ ላይ እንደሆነ የተማረው በዚህ ዓይነት ነው።

መምህሩ ከሞቱ በኋላ ኦንሱ በቦታቸው ተተካ። ከደቡብ ክፍለ ሀገር ድረስ ሊቃውንት ሊሰሙት ይመጡ ነበር፤ መኳንንቱም በሎተስ ኩሬያቸው ዳር አስቀምጠው የሩዝ ጠላ እያስቀዱ ያስመቱታል፤ የግቢው ዓይነ ስውራንም አለቃቸው አደረጉት። ከዚህ ሁሉ ክብር ወደ ቤቱ የሚገባው ግን የግቢው ቀለብ ብቻ ነው። ሚስቱ ሱንዶክ፥ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነ መልካም ሴት፥ በዚያ የርሃብ ዓመት የገብስ አጥሚት እያማሰለች በልጃቸው ስም ጠርታ ትለው ነበር፤

«የቦክሲል አባት፥ ጎረቤታችን ዓይነ ስውሩ ዮም ዛሬም ዕድል ነግሮ ዶሮ ይዞ ገባ። ዶሮ! አንተ ምን ይዘህ ገባህ?»

«አዲስ አውታር።»

«እሱን ልቀቅለው?»

«ሐር ነው፤ ይበስል ይሆናል።»

«ቀልድ! እኛ ቤት የተረፈው ቀልድ ብቻ ነው» ትልና መሳቋ አይቀርም። ቀጥላም በቁም ነገር «ቀለቡን ሊያስቆሙ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

እውነት ነበር። የግቢው የሥርዓት ሹም ቦንግ ሂጁን፥ ወጣት፥ ጠንቃቃና ለማደግ የቸኮለ ሰው፥ ዓይነ ስውራኑ ከመዝገብ እንዲሠረዙ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ርሃብ በገባበት ዘመን ለእነርሱ ሩዝ መስፈር ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው ብሎ። የበላዮቹም በበዓሉ ታላቋ እመቤት ከተደሰቱባቸው ይቆዩ፥ ካልተደሰቱ ይሰናበቱ ብለው ቆረጡ። ኦንሱ ይህን ያውቃል። እርሱን ያሳሰበው ሩዙ ብቻ አልነበረም፤ ቀለቡ ከቆመ ባልንጀሮቹ በትራቸውን ይዘው «ዕድል ልንገር!» እያሉ በየመንደሩ ይበተናሉ፤ ከተበተኑ ዜማውን ከመዳፍ ወደ መዳፍ የሚያሻግረው ሰው አይገኝም።

በዓሉ ተጀመረ። መጋረጃው ወረደ፤ ታላቋ እመቤት ከመጋረጃው ኋላ በሳንቃው ወለል ላይ ከፍ ብለው ተቀመጡ፤ ደንገጡሮቹ በግራና በቀኝ ተኰለኰሉ፤ ሹም ቦንግ ከውጭ ደጅ ቆመ። የግቢው ልማድ እንዲህ ነበር፤ ዓይነ ስውር ራስ ሲነቀነቅ አያይምና፥ አንድ ዜማ ሲያበቃ እመቤቲቱ በማራገቢያቸው ወለሉን ኳ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የሚቀጥለው ይጀመራል። በልደት ቀን የሚመታው ደግሞ የዕድሜ ዜማ ነው። ይህ ዜማ ወደ መጨረሻው ገደማ ረጅም ዝምታ አለው፤ ሁሉም እጁን ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዘገምተኛው መደምደሚያ የሚመጣው። የዕድሜ ዜማ በመካከል አይቆረጥም፤ ከተቆረጠ የባለ ልደቱ ዕድሜ አብሮ ተቆረጠ ይባላል። ይህን የማያምን ሰው በሃንያንግ አልነበረም፤ ቢኖርም በዚያ ቀን እዚያ ቦታ አልቆመም።

ኦንሱና ባልንጀሮቹ ያንን ዜማ እንደዚያ ቀን መትተውት አያውቁም። አንዲት አሮጊት ደንገጡር በእጅጌዋ ዓይኗን ስትጠርግ ሐሩ ሲንኰሻኰሽ ይሰማል። ዝምታው ደረሰ፤ ሁሉም እጁን አነሣ። ያን ጊዜ ማራገቢያው ኳ አለ።

ሊሆን የማይገባ ነገር ነው። ግማሾቹ ልማዱን አክብረው ሌላ ዜማ ጀመሩ፤ ግማሾቹ መደምደሚያውን ቀጠሉ፤ ዋሽንቱ ወዲያ፥ ከበሮው ወዲህ ሄደ፤ ሁሉም ደንግጦ አቆመ። ከዚያ የሹም ቦንግ ድምፅ ከደጅ «አውጧቸው!» አለ።

በግቢው ጠጠር ላይ አንበረከኳቸው። ከኦንሱ ቀጥሎ የተንበረከከው ዋሽንት ነፊው ጊል ማንቦክ ነው፤ ወፍራም፥ ሣቂታ፥ ለኦንሱ እንደ ታናሽ ወንድም የሚሆን ሰው። በዚያች ሰዓት ግን ሣቁ ጠፍቶ ነበር።

«ጋሼ ኦንሱ፥ ማራገቢያው መታ። አንተም ሰምተሃል» አለ በሹክሹክታ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እንናገራ።»

«ምን ብለን? እመቤቲቱ ዕድሜያቸውን በገዛ እጃቸው ቆረጡ ብለን? ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ። ዝም በል ላስብበት።»

አሰበበትም። ታላቋ እመቤት ይህን ዜማ በየልደታቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምተውታል፤ ዝምታውን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ታዲያ ምን ነካቸው? ያን ጊዜ አንድ በአንድ ትዝ አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ማራገቢያው ከመምታቱ በፊት ሁልጊዜ የልብስ መንኰሻኰሽ ይቀድመው ነበር፤ ሰው የሰውን እጅጌ ሳብ እንደሚያደርግ። ይህን ታደርግ የነበረችው የእመቤቲቱ አሮጊት ሞግዚት ባለፈው የበጋ ወረርሽኝ ሞታለች። በዛሬው ግብዣ ደግሞ ከእመቤቲቱ ጀርባ የነሐስ ገንዳ ወድቆ ደንገጡሮቹ ሁሉ ሲደነግጡ፥ የእርሳቸው ቀሚስ አልተንቀሳቀሰም። ገባው። እጅ ሲነሣ አይተው ዜማው አለቀ ብለዋል፤ ታላቋ እመቤት አይሰሙም።

ኦንሱ በጠጠሩ ላይ እንደ ተንበረከከ አዘነላቸው። በእርሱና በባልንጀሮቹ ላይ የመጣውን ረስቶ አዘነላቸው፤ ይህ የእርሱ ጠባይ ነው፥ ሱንዶክም ስትሰድበው በዚሁ ነው። የግቢን ሰው ያውቃል፤ መስማት የተሳናት እመቤት ቃሏ አይጸናም፤ ጤናዋ ታወከ ተብሎ በተራራ ወዳለ ጸጥተኛ ቤት ትላካለች፤ ደጅዋም ይዘጋል። በዚያ ግቢ ደግሞ ስለ ድኻ የሚናገር አንደበት ቢኖር የእርሳቸው ብቻ ነበር። እውነቱን ቢናገር ባልንጀሮቹን ያድናል፤ እርሳቸውን ያጠፋል። ዝም ቢል እርሳቸውን ያድናል፤ ባልንጀሮቹን ያጠፋል።

ሹም ቦንግ ጸሐፊውን አስከትሎ መጣ።

«አቁሙ ያላችሁ ማነው?» አለ።

ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመለከተ ቀጠለ፤

«ዓይን እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ጆሮም የላችሁም ልበል?»

ማንቦክ አፉን ሊከፍት ሲል ኦንሱ ቀደመው፤ «እኔ ነኝ ጌታዬ። ዜማው ጠፋብኝ፤ እነርሱ እኔን ተከትለው ተሳሳቱ።»

«ጠፋብኝ? ዕድሜህን ሙሉ የመታኸው?»

«ረሳሁት ጌታዬ፤ እርጅናም ርሃብም ነው።»

«ጻፍ» አለ ቦንግ ለጸሐፊው፤ «ገሙንጎ መቺው ታክ ዜማውን ረስቶ በዓሉን አበላሸ። ከአለቅነቱ ተሽሯል፤ ሌሎቹም ከዛሬ ጀምሮ ከቀለብ ተሠርዘዋል።»

ከዚህ በኋላ ኦንሱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያደረገውን ነገር አደረገ፤ ልጅ ሳለ ከኮከብ ቆጣሪው ቤት የተማረውን ያንን ዝግ ያለ፥ የሚያስፈራ ድምፅ አወጣ።

«እኛን መሠረዝ ቀላል ነው ጌታዬ። የታላቋ እመቤት ዕድሜ ግን ተቆርጦ እንዳለ ነው። የተቆረጠ ዕድሜ ከቆረጠው እጅ በቀር በሌላ አይቀጠልም፤ እኔም ከግቢ ከወጣሁ የሚቀጥለው የለም። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር ቢሆኑ፥ ንጉሡ ሊቀጠል ሲቻል የከለከለ ማነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ ስምዎን የሚጠራ አይጠፋም።»

ሹም ቦንግ ምራቁን ሲውጥ ሁሉም ሰሙት።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ኦንሱ ብቻውን ወደ ምሥራቁ ግቢ ተወሰደ። ታላቋ እመቤት ከመጋረጃው ኋላ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። ስሕተት መሥራታቸውን ከሰው ፊት አንብበዋል፤ ምን እንደሠሩ ግን አላወቁም፤ መጠየቅም አይችሉም፥ የሚጠይቅ ሰው መልስ መስማት አለበትና። ይህ ዓይነ ስውር ምን ሊል መጣ? ነገሩን ያውቅ ይሆን?

ኦንሱ እጅ ነሥቶ ለደንገጡሮቹ እንዲህ አላቸው፤ «ዕድሜ ሲቀጠል እንጨት እንጨትን መንካት አለበት። የገሙንጎዬን ጫፍ እመቤቴ በተቀመጡበት ሳንቃ ላይ አኑሩልኝ።» ኮከብ ቆጣሪ የተናገረ መስሏቸው ያለ ክርክር አኖሩለት፤ ጫፉም በመጋረጃው ሥር አለፈ።

ከዝምታው ቀጥሎ ካለው ቦታ ጀመረ። ወፍራሙን አውታር ከልማዱ አጥብቆ መታው፤ ሊቅ ቢሰማው ኖሮ የታክ ኦንሱ እጅ ዛሬ ሻከረ ይል ነበር። በሦስተኛው ምት እመቤቲቱ ከበታቻቸው ያለው ሳንቃ ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው። ወደ ታች ተመለከቱ። ከመጋረጃው ሥር የወጣውን የእንጨት ጫፍ አዩ፤ ሰውዬውንም በመጋረጃው ስንጥቅ አዩት፤ እጅግ በቀስታ፥ ለሕፃን እንደሚያስተምር ሰው ይመታል። ጐንበስ አሉና መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ ዘረጉ። ደንገጡሮቹ ተያዩ፤ ነገር ግን ሰውዬው አያይምና ሕግ አልፈረሰም።

ኦንሱ ድምፁ በጥቂቱ ሲታፈን አወቀ፤ እጅ ነው። ሳያቋርጥ ቀጠለ። እመቤቲቱም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፥ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የሰሙትን ያንን መደምደሚያ ከመዳፋቸው ተቀበሉት፤ እንባቸው ጉንጫቸውን አልፎ እስኪወርድ ድረስ ማልቀሳቸውን አላወቁም። የመጨረሻው ምት ተመታ። ኦንሱ እጁን ወደ ላይ አላነሣም፤ ከእርሳቸው እጅ ማዶ በዚያው እንጨት ላይ መዳፉን ዘርግቶ አብሯቸው ጠበቀ። ደንገጡሮቹ ዜማው ያለቀ መሰላቸው። ሹም ቦንግ በደጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱ ግን እጃቸውን አላነሡም። እንጨቱ ቀስ ብሎ ዝም አለ፤ ያን ጊዜ ታላቋ እመቤት እጃቸውን አንሥተው በማራገቢያቸው ወለሉን ኳ አደረጉ። በልኩ ነበር፤ በግቢው ሁሉ አንድ ሰው እንኳ ቀደመ ወይም ዘገየ ሊል አይችልም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

ኦንሱ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቢናገር አይሰሙትም፤ ሳይሰሙት መቅረታቸው ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ይታወቃል። ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ ቆየ። በደጅ የቆሙት ከፍርሃት የተነሣ ቃል ጠፋበት አሉ። ታላቋ እመቤት ግን ለምን እንዳልተናገረ ገባቸው፤ ሰውየው ማወቁንም፥ ማወቁን ለማንም እንደማይሰጥ እንዲሁ ገባቸው።

ከዚያ ከፍ ባለ ድምፅ ተናገሩ፤ «የእነዚህ ሰዎች ቀለብ አይጓደል። ይህም ሰው ወር በገባ ቁጥር እየመጣ ይቀጥልልኝ፤ ዕድሜዬ ገና አላለቀም።»

ቀለቡ አልተጓደለም። በቀጣዩ የብረት አሳማ ዓመት ርሃቡ ጠንቶ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ፥ ዓይነ ስውራኑ ሩዛቸውን ከጥድ ቅርፊት ጋር እየቀላቀሉ ከነልጆቻቸው ዳኑ። ኦንሱ ግን አለቅነቱን አላስመለሰም፤ የግቢ ቃል አንዴ ከተጻፈ ተጽፏል፤ ማንቦክ እያለቀሰ በቦታው ተተካ። መኳንንቱም ዜማ የሚረሳ መቺ ምን ይረባናል ብለው ወደ ሎተስ ኩሬያቸው መጥራቱን ተዉት። የሰፈር ልጆች በመንገድ ሲያልፍ «ታክ ረሺው! ታክ ረሺው!» እያሉ ይከተሉት ነበር፤ እርሱም ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣቸዋል።

ሱንዶክ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

«እኔ በሠርጋችን ማግሥት በቁጣ ያልኩህን ቃል እስከ ዛሬ የማትረሳ ሰው፥ የዕድሜ ዜማ ረሳህ?»

«ረሳሁ አልኩሽ።»

«ውሸታም።»

«ሩዙ በሰለ?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለችና ሳህኑን ሞልታ አቀረበችለት፤ ከዚያ ወዲያ ደግማ አልጠየቀችውም።

ወር በገባ ቁጥር ሄደ፤ የታላቋ እመቤት ዕድሜ እስኪያልቅ ድረስ ሄደ። እርሳቸው ከሞቱም በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ በትሩን ቶሎ ሳይሰጥ፥ መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ እያስዘረጋ «አልሞተም፤ እጅህን አታንሳ» እያለ አስተማረ። ምስጢሩን ለማንቦክ እንኳ አልነገረውም። ኦንሱ በሞተ ጊዜ ሱንዶክ ገሙንጎውን በጨርቅ ስትወለውል፥ መቺ እጁን ከማያደርስበት ከጫፉ ላይ ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ልስልስ ብሎ አገኘችው። ጣቶቿን ዘርግታ ለካችው፤ ቦታው እንደ እርሷ ያለ ትንሽ የሴት እጅ ልክ ነበር። መዳፏን በዚያው ላይ እንደ ዘረጋች «አይ አንተ ሰውዬ» ብላ አለቀሰች።

በግቢው መዝገብ የታላቋ እመቤት ቸርነት በሰፊው ተጽፏል። ሹም ቦንግም በዓሉን ከመጥፎ ገድ ያዳነ ብልህ ሰው ተብሎ ተመስግኗል። ስለ ታክ ኦንሱ ያለው አንድ መስመር ነው፤ ገሙንጎ መቺው ታክ ዜማውን ረስቶ በዓሉን አበላሸ ይላል። አንዲት ድምፅ ሳይረሳ ኖሮ የሞተውን ሰው ታሪክ የሚያስታውሰው በመርሳቱ ነው።